«እኔ በልቻለሁ»

ወዳጆቼ፣ «ጫማሽን አውልቂ» ሳልባል ፕሮፌሰራችን ፊት ስቆም ዛሬ፣ በዚህ የጡረታ መሸኛ ግብዣ ላይ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ብደነጋገር አትፍረዱብኝ።

ወደ ሥርዓተ ምግብ ትምህርት ክፍላችን የመጡ ዕለት የሆነውን የበሩ ጥበቃ እስካሁን ያወራዋል። ብብታቸው ሥር ትልቅ ሚዛን ሸጉጠው ደረሱ።

«ምን ሊሸጡ ነው?» አላቸው።

«ምንም። ሴት መምህራኑን ልመዝን ነው።»

«እነሱስ ፈቅደዋል?»

«ገና አልሰሙም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኋላዎ «እትዬ ሚዛን» ነው የምንልዎት። ይቅርታ ፕሮፌሰር፤ ለነገሩ ጡረታ ወጥተዋል፣ ከእንግዲህ ምንም አያደርጉንም።

ወገባችንን በሜትር ለኩን። ስብና ጡንቻን ለይቶ የሚናገር ማሽን ላይም አቆሙን። ማሽኑ ይሉኝታ የለውም፤ እርስዎም ያው ነዎት። «ሸንቃጣዋ» እያልን የምንቀናባት የስታትስቲክስ መምህርት ውጤቷን ስትጠይቅ፣ «ክብደትሽ ደህና ነው፤ ጡንቻ ግን የለሽም» አሏት።

«ታዲያ በምን ቆሜ ነው የማስተምረው?»

«እኔም እሱን ነው የማጠናው።»

ትልቁ ግኝት ግን ከማሽኑ አልመጣም። ልኬቱ እንዳይዛባ ሰው በባዶ ሆድ መምጣት አለበት። ፕሮፌሰር ይህን ሊነግሩን ረሱ። እኛ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የተቀጠርነው ሳንቀር ሁላችንም በባዶ ሆዳችን መጣን።

«ሳትበዪ ነይ ብሎ ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ማንም። ከክፍል ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ክፍል ስሮጥ... ጠዋት ግን ሻይ ጠጥቻለሁ።»

በማግስቱ ፕሮፌሰር ዲኑ ቢሮ ገብተው በምሳ ሰዓት ክፍልም ስብሰባም ይቅር አሉ። ዲኑ እዚሁ ስላሉ መልሳቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጥቀስ፤ «ሴቶቹ እኮ ቅሬታ አላቀረቡም።»

«በባዶ ሆድ ማን አቤት ይላል?» አሏቸው።

የምሳ ሰዓታችን እንዲህ ተገኘ። ዛሬ ዲኑ ሐሳቡ የራሳቸው እንደነበር ያስታውሳሉ።

እስኪፈቀድ ድረስ ግን ወራት አለፉ። በመሃሉ እኔ ሰሌዳው ፊት ተዝለፍልፌ ወደቅሁ። በነጋታው ፕሮፌሰር ምሳ ዕቃ ይዘው ቢሮዬ መጡ፤ ሩዝ፣ እንቁላልና ጎመን ነበረው።

«ብዪ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ በልቻለሁ።»

እስክጨርስ አልተነሱም። ከዚያም ደጋግመው መጡ።

ባለፈው ሳምንት የቢሮዎን ዕቃ ስናሽግ ይህን ለሸንቃጣዋ አጫወትኳት። «እንዴ፣ እኔንም ያበሉኝ ነበር!» አለች። የላቦራቶሪዋ ሠራተኛም እንደዚሁ። ለሁላችንም «እኔ በልቻለሁ» ብለውናል። የምሳ ዕቃው ግን ያው አንዱ፣ የራስዎ ምሳ የሚመጣበት ነበር። ሁላችንን ያቆሙበት ማሽን ላይ እርስዎ አንድ ቀን ቆመው አያውቁም።

ፕሮፌሰር፣ ይህን ሳውቅ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ አለቀስኩ። ዛሬ በሁለት እግሬ ቆሜ የምናገረው በእርስዎ ምሳ ነው። አመሰግናለሁ፤ በጣም እንወድዎታለን።

አሁን ብርጭቆ አንሱ ልላችሁ ነበር። ነገር ግን ስናገር ዓይኔ የፕሮፌሰር ሳህን ላይ ነበር፤ አልተነካም። ስለዚህ ብርጭቆው ይቆየንና ሁላችሁም ሹካ አንሱ። ለጤናዎ፣ ለረጅም ዕድሜዎ፣ በሰዓቱ ለሚበላ ምሳ! ይጀምሩ ፕሮፌሰር። እርስዎ ሳይጎርሱ ማናችንም አንጎርስም፤ «በልቻለሁ» ቢሉም የሚያምንዎት የለም።