የጋሽ ውሃልክ ሳጥንና እርጥበት ወዳዷ እንግዳ

ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ስመለስ ደረጃው ላይ ከጋሽ ውሃልክ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጨን። ጎረቤቴ ናቸው፤ ሙያቸው አናጢነት ነው። ይህ ቅጽል ስም የወጣላቸው ውሃልካቸውን ከኪሳቸው ስለማይለዩ፣ ሰው ቤት ሲጋበዙ እንኳ ከመቀመጣቸው በፊት ጠረጴዛው ቀጥ ማለቱን ስለሚለኩ ነው። በሃያ ዓመት ጉርብትናችን ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ያን ዕለት ግን አንድ እግራቸው ጫማ የለውም፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«መምህር! ወደ ላይ እንዳይወጡ! ቤቴ ውስጥ እባብ አለ!»

«ከየት መጣ?»

«እኔው በእጄ ከሠራሁት ሳጥን!»

የተፈጥሮ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ስለ እባብ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ሳላቋርጥ ማስተማር እችላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከመጽሐፍ ሥዕል በቀር አጠገቡ ደርሼ አላውቅም። ቢሆንም በጎረቤት ፊት ማፈግፈግ ስላላማረኝ ከደረጃው ሥር መጥረጊያ አንሥቼ ወጣሁ።

የእህታቸው ልጅ ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። በእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪ የምትሠራ፣ ከአጎቷ ጋር የምትኖር ጨዋ ወጣት ናት። ክንዷ ላይ ደግሞ አንድ ሜትር የምትሞላ ቡናማ እባብ ተጠምጥማለች! መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ።

«አይፍሩ መምህር፣ መርዝ የላትም» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «የሚያስፈራውስ አጎቴ የሠሩት ሥራ ነው።»

«እኔ?» ጋሽ ውሃልክ ከደጅ ሆነው ጮኹ። «ይፍረዱኝ መምህር! እርጥበት የምትወድ እንግዳ ላመጣ ነውና ሳጥን ይሥሩልኝ አለችኝ። አበባ መሰለኛ! ለእባብ እንግዳ ይባላል? ከኮምፔንሳቶ ጣውላ አሳምሬ፣ ፊቱን መስታወት አድርጌ ሠራሁላት፤ በመስታወቱ የሚታየኝ የዛፍ ልጣጭ ብቻ ነበር። ዛሬ ከመንገድ ተመልሳ ከልጣጩ ሥር እባብ መዘዘች! ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእባብ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ሳድር ከርሜያለሁ እኮ!»

«እባብ ነው ብልዎት ይሠሩልኝ ነበር?»

«በፍጹም!»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩዎት።»

እዚህ ላይ ልጅቱን ገሠጽኳት። በሰው ቤት እባብ አስገብቶ ዝም ማለት ከተማረ ሰው አይጠበቅም። አንገቷን ደፍታ ጥፋቷን አመነች፤ እባቧ ላቦራቶሪው ውስጥ ማደሪያ ስላጣች እንዳመጣቻት ነገረችኝ፤ ቀጥላም «ግን እስቲ ጠጋ ብለው ይዩአት» ብላ ለመነችኝ።

ጠጋ አልኩ። የእባቧ ቆዳ እንደተላጠ ቀለም ተቀዳዶ ተንጠልጥሏል። ሁለቱ ዓይኖቿ ላይ ነጭ ሽፋን ተጋግሮባቸዋል። ፍርሃቴን ረስቼ ጎንበስ ብዬ አየኋት።

«ይኸው፣ በሽተኛ ናት!» አሉ ጋሽ ውሃልክ። «ዛሬውኑ ትውጣልኝ! ወይ እሷ፣ ወይ እኔ!»

«በሽታ አይደለም አጎቴ፣ ድርቀት ነው። እባብ ሲያድግ አሮጌ ቆዳውን እንደ ካልሲ ገልብጦ ያወልቃል፤ ቆዳው በደንብ የሚላቀቀው ግን አየሩ ሲረጥብ ነው። የዓይን ቆብ ስለሌላት ዓይኗን የሚሸፍነው ስስ ቅርፊትም አብሮ ነው የሚወልቀው። እሱ ደርቆ ከቀረ ዓይኗ ሊጠፋ ይችላል። ለአምስት ቀን ለሥራ ስሄድ ጠዋትና ማታ ውሃ ይርጩልኝ ብዬዎት አልነበር? ምን አደረጉ?»

ጋሽ ውሃልክ ደረታቸውን ነፉ። «የማውቀውን ነዋ! ሳጥኑን ስዳስሰው ውስጡ ርሷል። ኮምፔንሳቶ ከራሰ ያብጣል፤ አበባሽም ይበሰብሳል ብዬ ሁለት ከረጢት ደረቅ ሰጋቱራ አፈሰስኩበት። አየር እንዲያገኝ ደግሞ ሃያ ቀዳዳ ጨመርኩለት።»

ሰጋቱራ፣ ያ የመጋዝ ዱቄት፣ ውሃ የፈሰሰበትን ወለል የሚያደርቁበት መድኃኒታቸው ነው። ልጅቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወደ ሳጥኑ ሄድኩ። ሳጥኑ ውስጥ የተሰካው የእርጥበት መለኪያ ሰማንያ በመቶ ማለት ሲገባው ሠላሳ ሁለት ይላል። ከአዲሶቹ ቀዳዳዎች አንዱ እባቧ ተጠቅልላ ከተደበቀችበት የዛፍ ልጣጭ በላይ፣ አንድ ጣት ብቻ ከፍ ብሎ ተበስቷል። መሰርሰሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ እባቧን በወጋት ነበር።

«አጎቴ፣ ውሃልክ ተብለው የውሃ ልክ ይጥፋዎት?» አለች። በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር።

«አርባ ዓመት እርጥበትን ስዋጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። በር የሚያጣምም፣ ቁምሳጥን የሚያፈርስ እርጥበት ነው። እሱ የሚበጀው ፍጡር አለ ብትዪኝ እንዴት ልመንሽ?»

«ጋሽ ውሃልክ» አልኩ፣ «ዓሣ ቢሰጥዎ በደረቅ ሳጥን ያስቀምጡታል?»

«ምን ነካዎት መምህር! ይሞታላ!»

«ውሃ እኮ እንጨት ያበላሻል።»

ወደ ሳጥኑ ዞር ብለው አዩ።

«ይህችም ወገኗ ዝናብ ከማይለየው ጫካ ነው። ለኮምፔንሳቶው የተመቸው አየር ለእሷ ጥም ነው።»

ቀስ ብለው ገቡና የእባቧን ዓይን አዩ። «እና እኔ ነኝ ያሳወርኳት?» አሉ።

«ገና አልታወረችም» አለች ልጅቱ። «ግን የማይንቀጠቀጥ እጅ እፈልጋለሁ።»

ሦስታችንም የእኔን እጅ ተመለከትን። ምን ይደረግ፣ ጠመኔ ይዞ የኖረ እጅ ነው፤ ተራው የአናጢው ሆነ።

ጋሽ ውሃልክ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ ፎጣ ለብ ባለ ውሃ ነክራ በእጆቻቸው አስያዘቻቸውና እባቧን በፎጣው መሐል እንድታልፍ ለቀቀቻት። ሽማግሌው ፎጣውን በሁለት እጃቸው ጠበቅ አድርገው ያዙ። የሚያዳልጥ ነገር ጠብቀው ኖሮ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ኧረ ጉድ! በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ እንጨት እኮ ናት!» የተቀደደው ቆዳ ፎጣው ላይ እየቀረ ሲሄድ ከሥሩ ብቅ ያለው ገላዋ ቀይና አረንጓዴ እያንጸባረቀ ወጣ። የዓይኖቿ ሽፋን ግን ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌው ጣታቸውን ሲዘረጉ ልጅቱ ቶሎ ያዘቻቸው፤ በጥፍር ከተነካ ዓይኗን ይዞት ይመጣል። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከእርጥብ ፎጣ ጋር አስገባቻት።

እሳቸው ሳጥኑን ተሸክመው ታች ወዳለው የእንጨት ሥራ ቦታቸው ወረዱ። ሰጋቱራውን ደፉ። ውስጡን ውሃ የማያስገባ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ቀብተው ሽታው እስኪጠፋ አናፈሱት፤ መጋጠሚያውን በሲሊኮን ሞሉ። ሃያውን ቀዳዳ ደፍነው ባንድ ጎን ዝቅ ያሉ፣ በሌላው ከፍ ያሉ ጥቂት ቀዳዳዎች ብቻ አዲስ በሱ፤ የታፈነ አየር ይውጣ፣ እርጥበቱ ይቅር ብለው። ሳጥኑ ሥር የሚነጠፈውን እርጥብ የኮኮናት ገለባ እየጨበጡ ፈተኑት፦ ቅርጹን ሲይዝና ውሃ ሳያንጠባጥብ ሲቀር ልክ ነው። ሰፊ የውሃ ሳህን፣ አንድ ሞቃት ጥግ፣ አንድ ቀዝቃዛ ጥግ አዘጋጁ። «ለእንግዳዋ አሰቡላት?» ብላቸው «ለሙያዬ ክብር ነው!» ብለው ተቆጡኝ።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። መዳፋቸው ላይ ነጭ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የእባብ ራስ ቆዳ ይዘዋል።

«መነጽሬን ሳላደርግ ነው የሮጥኩት። ዓይኖቹን ይቁጠሩልኝ።»

ብርሃን ላይ ያዝኩት። ክብ፣ ጥርት ያሉ ቅርፊቶች ነበሩ። «ሁለት ናቸው» አልኩ።

እደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና አለቀሱ። እኔም ደንግጬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«መምህር፣ አርባ ዓመት ቤትና ዕቃ ስሠራ ማን እንደሚኖርበት ጠይቄ አላውቅም። የምጠይቀው ርዝመትና ወርድ ብቻ ነበር። ትላንት አንዲት ደንበኛ ቁምሳጥን ልታዘኝ መጥታ ምን እንደምታስቀምጥበት፣ ክፍሉ ይረጥብ እንደሆነ ብጠይቃት ገረማት። መታጠቢያ ቤት ነው አለች፤ እንደ እባቧ ቤት አሽጌ እሠራላታለሁ፤ አይላቀቅባትም። ልጄም ከእንግዲህ ምንም ነገር አትደብቀኝ፤ እኔም ሳልሰማ አልጮህም ብያታለሁ።»

እውነታቸውን ነው፤ አለማወቅ በቅን ልብም ያሳውራል፤ መጠየቅ ግን እንጨቱንም እባቧንም ያድናል።

«ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ነበር» አሉኝ ሲነሡ። «ለካ እንደኛ ጆሮ የላትም።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ውሃዋን ረጨሁላት።»