የአቶ ጴጥሮስ ክንድና የፀሐይ መንገድ

አቶ ጴጥሮስ ከሀቢቾ ወደ ሆሳዕና በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከተማሪዋ ከርብቃ አጠገብ የተቀመጡት ሌላ ወንበር ስላልነበረ ነው። ቀኝ ክንዳቸውን ሰው እንዳይነካባቸው ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘዋል።

"ተሰብረው ነው አባባ?" አለች ርብቃ።

"ልክ ይዤ ነው! የመስኮቴ ወርድ ሁለት ክንድ ከአራት ጣት ነው። መስታወት ቆራጩ ናስረዲን ዘንድ እየሄድኩ ነው።"

"ናስረዲን የራሱ ክንድ የለውም?"

"በሱ ክንድ የተቆረጠው አጠረ። በልጄ ክንድ የተቆረጠው አልገባ አለ። አሁን የመስኮቱ ባለቤት ራሱ መጣ!"

ነገሩ ለቀልድ አይሆንም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፊት ደረታቸውን ታመው ተኝተዋል። መስኮቱ ላይ የተወጠረው ላስቲክ በተርገበገበ ቁጥር ይስላሉ። መስታወቱ ዛሬም ከተበላሸ ሦስተኛው ሳምንት በብርድ ሊገባ ነው።

ርብቃ የልብስ ሰፊ ልጅ ናትና ከቦርሳዋ የእናቷን ሜትር መዘዘች።

"አራቱን ጣት ይስጡኝ። ግጥም ያድርጓቸው፤ ሰባት ሳንቲም ከስምንት ሚሊ። አሁን ላላ ያድርጓቸው፤ ስምንት ከስድስት። ናስረዲን የትኛውን ይመን?"

"ወዲያ! ሚሊ ምን አላት? ፀጉር የምታህል ነገር!"

ርብቃ ከራሷ አንዲት ፀጉር ነቀለች። "አይናቋት። አሥሯ ጎን ለጎን ሲደረደሩ አንድ ሚሊ ገደማ ናቸው። ሺህ ሚሊ አንድ ሜትር፣ ሺህ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር አሥር ሚሊዮን ፀጉር ነው። ወደ ትልቁ ሲሄዱ ዜሮ ይቀንሳሉ፣ ወደ ትንሹ ሲመለሱ ይጨምራሉ፤ በቃ!"

"እስከ ፀሐይስ?" አሉ ሊያሳፍሯት።

"መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ክንድዎን ያውሱኝ።"

"በፀጉር ሲቆጠር ስንት እንደሚሆን ይዩ" ብላ መዳፋቸው ላይ አሥራ አምስት ጻፈችና ዜሮ ታስከትል ጀመር። አምስት፣ ስምንት፣ አሥር... አሥራ አራተኛው ዜሮ ክርናቸው ላይ ደረሰ።

አቶ ጴጥሮስ ክንዳቸውን መጠበቁን ረሱ። አንዴ ፀጉሯን፣ አንዴ በመስኮቱ ፀሐይን አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

"ይቺ... ይቺ ቀጭን ነገር እዚያ ድረስ ትለካለች? እኔ ደግሞ ናቅኳት!" ከዚያ ድንገት፣ "ወራጅ አለ!"

"አባባ፣ ሆሳዕና ገና ነው!" አለ ረዳቱ።

"መስኮቴ ኋላ ቀርቷል! ልጄ፣ ሜትሩን አውሺኝ፤ ተመልሼ ልለካው፤ ነገ እመልሳለሁ።"

በማግስቱ ለናስረዲን ያሳዩት ክንድ ሳይሆን ወረቀት ነበር፤ ወርዱ አንድ ሺህ አሥራ ሰባት ሚሊ፣ ቁመቱም እንዲሁ በሚሊ። መስታወቱ ሳይጋፋ ገባ፤ ላስቲኩ ተነሣ፤ ቤቱ ሞቀ። ክንድ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሚሊ ግን ሀቢቾም ሆሳዕናም ያው ናት፤ ወደ ፀሐይ በሚወስደው መንገድ ላይም አትለወጥም።

ወይዘሮ ትርፊት በመስታወቱ የገባውን ብርሃን እየሞቁ፣ "ይኼን ቀለም ከክንድህ አትታጠበውም?" አሉ።

"ተይኝ እስቲ" አሉ አቶ ጴጥሮስ፤ "ገና መንገዱን አይቼ አልጨረስኩም።"