ሁለት ጊዜ የታየው የዴዊ ሃስኪንስ ክስ

እ.ኤ.አ. በ1964 የጸደይ ወራት ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ በምትገኘው ትንሽ የባሕር ዳር ከተማችን የተማሪዎቼን ደብተር በብብቴ ይዤ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሳልፍ፣ ጎረቤቴን ሆሬስ ታኬትን ደረጃው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ታኬት አርባ ዓመት ጀልባ የሠሩ፣ ቃላቸው በከተማው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው ሎሬታ ቆማለች፤ የሕግ ተማሪ ናት። የሁለቱም ፊት ቀልቷል።

«መምህር፣ እንኳን መጡ!» አሉኝ ሽማግሌው። «ይቺን ልጅ ይምከሩልኝ። ሕግ ትማር ብዬ ብልካት የሌባ ጠበቃ ሆና መጣችልኝ።»

«ገና አልሆንኩም አያቴ» አለች ሎሬታ፤ «ፈተናው ይቀረኛል።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1958 ዴዊ ሃስኪንስ የሚባል አሳ አጥማጅ የመድኃኒት ቤቱን የኋላ መስኮት ሰብሮ ሰርቋል ተብሎ ተከሰሰ፤ ያለ ጠበቃም ብቻውን ቆመ። ጥፋተኛ ያሉት ከሕዝቡ የተመረጡ ስድስት ዳኞች ሲሆኑ ሰብሳቢያቸው ታኬት ነበሩ። ሃስኪንስ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ታስሮ ሳለ ያ ፍርድ ተሽሮ፣ ክሱ በዚያን ዕለት እንደ አዲስ ሊታይ ነበር።

«በመሐላ የፈረድነውን ማን ነው የሚያፈርሰው?» አሉ ታኬት።

«የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነዋ!» አለች ሎሬታ። «ባለፈው ዓመት፣ በጊዲዮን ጉዳይ። ጊዲዮንም የዚሁ የፍሎሪዳ እስረኛ ነበር። ደሃ ነኝና ጠበቃ ይቁምልኝ ቢል ተከለከለ። ከወህኒ ቤት በእርሳስ ጽፎ አቤት አለ። ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱለት። በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣ መንግሥት ያቁምለት አሉ።»

«ሕገ መንግሥቱን ለወጡት በይኛ!»

«አንዲት ፊደል አልነኩም። ተከሳሽ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው የሚለው ቃል ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ እዚያው ተጽፎ ኖሯል። በ1942 ግን ፍርድ ቤቱ ራሱ ክፍላተ ግዛቶቹን ‹ለደሃ ሁሉ ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለባችሁም› ብሏቸው ነበር። አሁን ያ ፍርድ ስሕተት ነበር አለ።»

«ተሳስቻለሁ ካለማ ምኑን ፍርድ ቤት ሆነ?»

«ተሳስቻለሁ የማይል ይሻልዎታል?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ደረጃው ላይ መታ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። ንጹሕ ሰው ጠበቃ አያሻውም። እውነት ራሷ ትቆምለታለች።»

«እውነት ምላስ የላትም አያቴ። መንግሥት በሕግ የሠለጠነ ዐቃቤ ሕግ ያቆማል። ወዲያ ማዶ መረብ ከመጣል በቀር የማያውቅ ሰው ብቻውን ይቆማል። ይሄ ሙግት ነው ወይስ ድብደባ?»

«ኧረ ወዲያ! እኛ ዳኞቹስ ጆሮ የለንም እንዴ? ዓይኑን አይቼዋለሁ። የሌባ ዓይን ነበር።»

ብዙ ደግ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔም አስብ ነበር፤ ተከስሶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት እንደ መስታወት የፊቱን የሚያሳይ ይመስለዋል። ተያይዘን ገባን።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እንደ ድሮው መሰከረ። ሃስኪንስ በሁለት እጁ መስኮቱን ጨብጦ ሰውነቱን ወደ ላይ ሲስብ አየሁት አለ። ለሃስኪንስ የተመደበለት ጠበቃ ፔሪ ኦልድስ ረጋ ብሎ ተነሣ።

«በሁለት እጁ ነው ያሉት?»

«በሁለት እጁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በዓይኔ ያየሁትን!»

ከዚያ ኦልድስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከአጎራባቹ አውራጃ ሆስፒታል ያስመጣውን መዝገብ አቀረበ። አንዲት አሮጊት ነርስ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ስርቆቱ ሊፈጸም ሁለት ቀን ሲቀረው የዴዊ ሃስኪንስ ቀኝ ክንድ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ከትከሻው እስከ ጣቶቹ ሥር በጀሶ ታስሯል። ጀሶው የተፈታው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሃስኪንስ የተያዘው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ነበር።

ባለ መድኃኒት ቤቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ታኬትን ዞር ብዬ ባያቸው ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ነግሮን ነበር» አሉ በሹክሹክታ።

«ምን አሉ አያቴ?»

«ያኔ ነግሮናል። ‹ክንዴ ተሰብሮ ነበር› ብሏል። ዐቃቤ ሕጉ ‹ወረቀቱ የታለ?› አለው። ችሎቱን የያዘው ዳኛ ‹ምስክር ካለህ ጥራ› ቢለው ‹እንዴት እንደሚጠራ አላውቅም› ብሎ ቁጭ አለ። ለውሳኔ ስንገባ እኔ ነኝ ያፌዝኩት። ‹የሌባ ክንድ የሚሰበረው ችሎት ፊት ሲቆም ነው› ብል ሁሉም ሳቁ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም።»

እኔም ደንግጬ ደብተሮቼን ከእጄ ጣልኩ። ሐሰተኛ ሰነድ አልተሠራ፣ ጉቦ አልተበላ፤ አንድ ሰው አንዲት ወረቀት እንዴት እንደምትጠየቅ ባለማወቁ ብቻ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ተቀበረ።

ከሕዝቡ የተመረጡት አዲሶቹ ዳኞች ብዙም ሳይቆዩ ነጻ አሉት። ሃስኪንስ ሲወጣ ታኬት ኮፍያቸውን አውልቀው ፊቱ ቆሙ።

«ሃስኪንስ፣ ያኔ ከፈረዱብህ አንዱ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ሰውዬው ትክ ብሎ አያቸው። ጠጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል።

«ጌታዬ፣ ያን ቀን ተንተባትቤ ነበር» አለ። «እርስዎን ብሆን እኔም ራሴን አላምንም ነበር።»

«ቤተሰብህስ?»

«ሚስቴ በሦስተኛው ዓመቴ ሞተች። ሌባ እንዳልሆንኩ እየነገረችኝ ነው የሞተችው፤ እኔን ለማጽናናት።» ኮሌታውን አስተካከለ። «ይቅርታውን አንድ ቀን እሰጥዎት ይሆናል። ዛሬ ግን የለኝም።»

ይህን ብሎ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ሄደ።

በወሩ የአውራጃው ስብሰባ ተጠራ፤ ለደሃ ተከሳሾች ለሚቆመው ተከላካይ ጠበቃ ቢሮና ረዳት ይሰጠው ወይስ ይቅር የሚል ነበር። ብዙዎች «ግብራችን ለወንበዴ?» እያሉ ሲያጉረመርሙ ታኬት ተነሡ።

«እኔም ልክ እንደናንተ እል ነበር» አሉ። «አሁን ስሙኝ። ሃስኪንስ በታሰረበት ዘመን ሁሉ እውነተኛው ሌባ በመካከላችን እየሄደ፣ ምናልባትም ሰላምታ እየሰጠን ኖሯል። ንጹሑን ስናስር ጥፋተኛውን ፈታን። ጠበቃ ቢኖር መዝገቡ ያኔውኑ ይመጣ ነበር፤ የፖሊሱ አለቃ ሸሪፉም ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። እናንተም ነገ በሐሰት ብትከሰሱ ብቻችሁን አትቆሙም። ፍርዳችንንም ደሃውም ባለጸጋውም ያምነዋል።»

አንድ ነጋዴ ከኋላ ጮኸ፤ «ሰውዬው በእርግጥ ሌባ ቢሆንስ ሆሬስ?»

«ሌባ ቢሆንማ ጠበቃው ተከራክሮለት፣ ማስረጃው ተፈትኖ ይፈረድበት። ያን ጊዜ ነው ፍርዱ ፍርድ የሚሆነው።»

«አንተ ደግሞ ምን አስጨነቀህ?» አለ ነጋዴው። «የፈረድከው ባወቅኸው ልክ ነው፤ ኅሊናህ ንጹሕ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ነጋዴው ዞሩ።

«እሱ ነው የሚያስደነግጠኝ» አሉ። «አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አንድም ሌሊት እንቅልፍ አላጣሁም።»

የስብሰባው መሪ «ይሰጠው የምትሉ?» ብሎ ድምፅ ሲጠይቅ መጀመሪያ የነጋዴው እጅ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።