ያልታጠበው ጠርሙስ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በባጃጅ ወደ ነቀምቴ መናኸሪያ እየሄድኩ ነበር። ከዚያ ሚኒባስ ይዤ ዴዴሳ ድልድይ በመውረድ የሚሰጡን ውሃ ያጠራጠረኝን አንድ ሽማግሌ ልወቅስ አስቤ ነው የወጣሁት። ጨለለቂ ሰፈር ስደርስ ሽማግሌው ራሳቸው ከጤና ጣቢያ በር ሲወጡ አየኋቸውና ባጃጁን አስቆምኩ።

ኦቦ ጋሩማ ይባላሉ። የምሠራበት ቤተ ሙከራ በየአስራ አምስት ቀኑ ከዴዴሳ ወንዝ ውሃ እንዲቀዱለት ያደረጋቸው ሰው ናቸው። ዴዴሳ ከዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ሱዳን ይገባል። ከድንበሩ ማዶም አንድ ባለሙያ እንደ እኛው ይቀዳል። ሁለታችንም የምንፈልገው ሜርኩሪን ነው፤ በድሮ ስሙ ባዜቃ፣ ወርቅ አጣቢዎች ወርቁን ከአሸዋ የሚለዩበት መርዝ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። «ልመጣልሽ ነበር። መጀመሪያ ዱረቲን አስመርምሬ ነው።»

ዱረቲ ምራታቸው ናት። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ስትሆን ደም በተቀዳችበት ክንዷ ላይ ጥጥ ይዛለች። ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። ኦቦ ጋሩማ ከፌስታላቸው ሦስት ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ውሃው እንደ መስታወት ጠርቷል።

«ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። ዴዴሳ እንዲህ የጠራው መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ይሄ የዴዴሳ አይደለማ። ከቤታችን በላይ ካለው ምንጭ ነው። ጠርሙሶቹንም ሦስት ሦስት ጊዜ አጥቤያቸዋለሁ፤ ግርጌያቸው ላይ ክፉ የሚሸት ነገር ነበረባቸው።»

«ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚያደርጉት?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» አሉ፣ እንደሚመሰገን ሰው።

የስድስት ወር ሥራ ከንቱ ሆኖ ቀረ። በቁጣ ልጀምር ስል ዱረቲ አየችኝና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ለምን?»

«ለምን ትያለሽ? ውሃው በሌላ አገር ሰዎች ፊት እንደሚቀርብ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ለሩቅ እንግዳ በቆሸሸ ዕቃ ድፍርስ ውሃ ልላክለት?»

«እንግዳ አይጠጣውም። ማሽን ነው የሚያየው።»

«ማሽኑም ቢሆን የሰው ነው።»

ዱረቲ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ለእኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። «ኦቦ ጋሩማ፣ እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነዎት። ዴዴሳ ብለው አስመዝግበው የምንጭ ውሃ መስጠት ምን ይባላል?»

ወዲያው መከላከያ አገኙ። «እሺ፣ ስለ ማጠቡስ ማን ነገረኝ?»

«'አይታጠብ' ተብሎ ተጽፎበታል።»

«በአማርኛና በእንግሊዝኛ። እኔ አማርኛ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ የተማርኩት በኦሮምኛው ፊደል፣ በቁቤ ነው። ስድስት ወር ሙሉ አንብበው ያውቃሉ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

እውነታቸውን ነበር። እኛ የተማርን ሰዎች ወረቀት ከለጠፍን ያስተማርን ይመስለናል። ጥፋቴን አመንኩና መጀመሪያ ላይ ልነግራቸው ይገባ የነበረውን ነገርኳቸው፤ ግርጌው ላይ ያለው ጠብታ አሲድ ነው፤ እጅም አይነካውም፤ እሱ ከሌለ ሜርኩሪው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

«ከማዶ ያለው ሰው ጦርነት መካከል ነው» አልኩ። «መንገድ ሲከፈትለት ብቻ ነው የሚቀዳው። በእሱ ውሃ ውስጥ ሜርኩሪ ተገኘ፤ በእርስዎ ውስጥ ምንም የለም። ከእናንተ ይሆን እንዴ ብሎ ጻፈልን። እኛም አይደለም ብለን መለስንለት።»

ኦቦ ጋሩማ አንዱን ጠርሙስ ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ከእኛ ተገኘ እንበል። ልጄ ፊራኦል ድልድዩ ላይ ለመንገደኛ ዓሣ ይሸጣል። ወንዙ መርዝ አለው የተባለ ዕለት ማን ይገዛዋል?»

ለካ ከእንግዳ አክባሪነቱ ጀርባ ይህ ፍርሃት ነበር።

«ባይነገርስ ያው ይበላ የለ? በቤታችሁ ዓሣ የሚያበዛው ማን ነው?»

«እሷ ናታ። ካረገዘች ጀምሮ ትልቁን አምባዛ ማንም አይነካባትም። እኔ ራሴ ነኝ መርጬ የማስቀምጥላት።»

አነጋገር ማለስለስ አልችልበትም። ትልቁ አምባዛ ትንንሾቹን ዓሣዎች እየበላ ዕድሜውን ሙሉ መርዙን ሥጋው ውስጥ እንደሚያጠራቅም፣ ሜርኩሪም ከእናት ወደ ጽንስ አልፎ አእምሮውን እንደሚጎዳ ነገርኳቸው። ዱረቲ ክንዷ ላይ የነበረውን ጥጥ አንስታ አየችው።

«አባ፣ አሁን ደሜን ሰጥቼ መጣሁ» አለች። «እህቴ ኬኔ ከእኔ ትወፍራለች፣ ፊቷም ያበራል። የእሷን ደም ልስጥላቸው ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው? የእሷን ቢያዩ ያንቺን ሕመም በምን ያውቁታል?»

ተናግረው ሳይጨርሱ ገባቸው። ሦስቱንም ጠርሙስ ይዘው ወጥተው ውሃውን ቦዩ ውስጥ ደፉት። ሲመለሱ «አዲስ ጠርሙስ ይዘሻል?» አሉኝ።

በዚያው ቀን ሦስታችንም ወደ ዴዴሳ ወረድን። ኦቦ ጋሩማ ጓንት አድርገው ውሃው እስከ ጉልበታቸው ድረስ ገቡና ከቀይ ውሃው ቀዱ። ከፊራኦል መረብ አንድ ትልቅ አምባዛና አምስት ትንንሽ ቀረሶ ወሰድኩ። ከዱረቲ ማጅራትም ጥቂት ፀጉር ቆረጥኩ፤ የበላነው ሜርኩሪ ፀጉር ላይ ይገኛል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኦቦ ጋሩማ ሳልጠራቸው ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመው ነበር። እንቅልፍ ያጡ ሰው ይመስላሉ።

«ውሃው ውስጥ አለ፤ ግን ከሚፈቀደው በታች ነው» አልኳቸው። «ቀረሶው ይበላል። አምባዛው ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ከተፈቀደው ልክ አልፏል።»

«ዱረቲስ?»

«ፀጉሯ ላይ ተገኝቷል፤ ለጽንሱ ከሚያሰጋው ግን በታች ነው። አምባዛውን ከተወች እየቀነሰ ይሄዳል።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ጠረጉበት። «መፍራቴ አላዳናትም። ያዳናት ማወቁ ነው» አሉ።

እኔም እፎይ ብያለሁ፤ አልክድም።

አሁን ፊራኦል ቀረሶውን ለሁሉም ይሸጣል፤ ነፍሰ ጡር ወይም ልጅ የያዘች እናት ከመጣች ግን አምባዛውን አይሰጣትም። ገበያው ይሞታል ተብሎ ነበር፤ ይልቁንም ከአኖ ከተማ ድረስ የሚመጡ ሰዎች የሚበላውን የሚለይ ሻጭ የትኛው ነው እያሉ ይጠይቃሉ። የጤና ጣቢያው አዋላጅም እርጉዞችን ስለ ዓሣ ትመክራለች። እኛ ለማዶው ሰው ስህተታችንን ጽፈንለታል፤ የሁለቱ አገር ቁጥር ተያይዞ መርዙ ከየትኛው ገባር እንደሚመጣ መፈለግ ተጀምሯል። ቦታው ከታወቀ ወርቅ አጣቢዎቹን ያለ ሜርኩሪ እንዲሠሩ ማስተማር ይቻላል። ይህ ሁሉ የተገኘው ወንዙን እንደምንመኘው ሳይሆን እንዳለ በመቅዳት ነው።

የጠርሙሶቹ ጽሑፍ አሁን በቁቤም አለ። «ማስታወሻ» የሚለው መስመር ባዶ ሆኖ ነበር የሚመጣልኝ። ትናንት በመጡት ሦስት ጠርሙሶች ላይ ግን ኦቦ ጋሩማ በኦሮምኛ፣ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብለው ሞልተውታል፦ «ዘንቧል። ውሃው ቀይ ነው። አላጠብኩትም።»