የሁለት አገር እንግዳ

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ሚካኤል እሑድ ዋለ። በፍኖተ ሰላም ከተማ ያን ቀን ሳይጠግብ የዋለ ቢኖር የቀበሌው ማኅተም ብቻ ነበር፤ እሑድ ነውና ቀለም አልቀመሰም። ጠዋት ሕዝቡ ሁሉ ስብሰባ ተቀምጦ እጁን ሲያወጣ ሲያወርድ አረፈደ፤ ከቀትር በኋላ ያንኑ እጁን ታጥቦ በየማኅበሩ ተሰየመ።

የሚካኤል ጽዋ የደረሳት መበለቲቱ ሸጋዬ ነበረች። ቤቷ ግጥም ብሏል። ጠላዋ ከመወፈሩ የተነሣ ዝንብ ቢያርፍበት ሳይሰምጥ ተራምዶ ይሻገረዋል፤ የወጧን ሽታ ደግሞ ውሾች እየተቀባበሉ በቡሬ መንገድ ካለችው ማንኩሳ አድርሰውታል ተባለ።

ከምሰሶው ሥር፣ ጥሩ ቦታ ላይ፣ የበርበሬ ነጋዴው ቸኮለ ተቀምጧል። አዲስ ጋቢ ደርቧል። መደረቡ ያለ ነገር አይደለም፤ ትናንት የማኅበሩን ቄስ፣ አባ ወልደ ገብርኤልን፣ ሽማግሌ ልኮ ሸጋዬን አስጠይቋል። «መልሱ ከማኅበሩ በኋላ» ተብሏል። እሱ ግን መልሱን ሳይጠብቅ ቤቱን እንደ ባለቤት ያይ ጀምሯል፤ ጎተራውን በዓይኑ ለክቶ፣ ከመደቡም የሚተኛበትን ወገን መርጦ ጨርሷል።

ሁለተኛው ጉርሻ አፉ ሳይደርስ በሩ በሰው ጥላ ጨለመ። የገቡት አያ ገብረሰንበት ናቸው፤ ቡሬ ያለው የገብርኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃው። የቸኮለ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቸኮለ እዚህ አሥራ ሁለትን ከሚካኤሎች ጋር ይጠጣል፤ ቡሬ ደግሞ አሥራ ዘጠኝን ከገብርኤሎች ጋር። ድፍን ስምንት ዓመት፣ ደርግ ከገባ ጀምሮ ማለት ነው፣ ጽዋ የመቀበል ተራው በደረሰ ቁጥር ሰበብ አያጣም፤ ሌላው ሲያልቅበት ለፍኖተ ሰላሞቹ «ቤቴ ቡሬ አይደል? እዚያ ደግሼ ወገቤ ተቆርጧል» ይላቸዋል። ቡሬዎቹ ሲጠይቁት ቡሬን አውጥቶ ፍኖተ ሰላምን ያስገባና ያችኑ ይደግማታል። ደጁን ያየ ሰው በሁለቱም ከተማ የለም።

አያ ገብረሰንበትን ከቡሬ ያስጠሯቸው የሸጋዬ አክስት፣ እማማ አልጣሽ ናቸው። ሽማግሌው ሲበሉ አንዲት ቃል እንደማይወጣቸው አገር ያውቃል፤ አባታቸው በገበታ ፊት አስምለዋቸዋል ይባላል። እማማ አልጣሽም ይህን ያውቃሉ። ከጎናቸው ተቀመጡና ወጡን ጨለፉላቸው፤ ከዚያም ገበታቸው እንዳይጎድል እንደ ኬላ ጠባቂ ነቅተው ያዩት ጀመር። ወደ ምሰሶው በኩል ግን አንገታቸው የተሰበረ ይመስል አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላሉም።

«እንደምን ሰነበቱ አያ ገብረሰንበት? መንገዱስ እንዴት ነበር? ኬላው ላይ አላንገላቱዎትም? የይለፍ ወረቀትዎን አይተው ‹አባባ ይለፉ› አሉዎት? እሰይ! ለሽማግሌ ማዘን ድሮም ደግ ነው። ቡሬስ ደኅና ናት? በርበሬው ደረሰ? የዘንድሮው ከመፋጀቱ የተነሣ የጫነችው አህያ ሦስት ቀን ስታነጥስ ሰነበተች፣ ባለቤቱም ‹ይማርሽ› እያለ ሥራ ፈታ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? … ይብሉ፣ ይብሉ፤ ከጉሮሮዎ አያውጡት።

«እኔ አርጅቼ ጥያቄ አበዛለሁ፤ አይቀየሙኝ። ድሮስ ሰው ተገናኝቶ ምን ሊጠያየቅ ኖሯል? አገርህ ወዴት ነው፣ ኑሮህ እንዴት ነው፣ ምን ትበላለህ፣ ወዴት ትሄዳለህ… ይኸው አይደል? ባል የሌላት ሴት ያለችበት ቤት ደግሞ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ?»

ቸኮለ ጉርሻውን ዋጠ። ሳያኝከው ነው የዋጠው።

«ለመሆኑ ሰው ስንት አገር ይኖረዋል አያ ገብረሰንበት? እኔ ደንበጫ ተወለድሁ፣ እዚህ ተዳርሁ፤ እሱም በዝቶብኝ ነው የምኖር። አንድ የማውቀው ሰው ግን አለ… ሸጋ ሰው! ስሙ ምን ይሠራልዎታል? ከዚህ ሆነው አገርህ ወዴት ነው ቢሉት ወዲያ ነው፤ ከወዲያ ሆነው ቢሉት ወዲህ ነው። ይኼ መታደል አይደለም? ወፍ አንዲት ጎጆ ለመሥራት ስንት ስንጥር ትለቅማለች! እሱ አንዲትም ስንጥር ሳያነሣ ሁለት አገር አለው። ድሮ ‹አገርህ ወዴት ነው ቢሉት፣ ገና ሚስት አላገባሁም አለ› ይሉን ነበር። ይኼኛው ሁለት አገር ይዞ ነው ሚስት የሚፈልግ… ሦስተኛ አምሮት ይሆን?

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ይባል የለ? ለእሱ አይሠራም። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም ወርቅ ነው። ሳይዝግ!»

አያ ገብረሰንበት ቀና አሉ። ዓይናቸው ቤቱን ዞረና ከምሰሶው ሥር ሲደርስ ቆመ። ጢማቸው ተንቀሳቀሰ፤ የሚናገሩ መሰሉ። ቸኮለ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። እማማ አልጣሽ ግን አንድ የወንድ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው ኖሮ፣ ጢሙ እንደ ተከፈተ አስገቡት።

«እንዲህ ነው! አንድ ያጣላል ይላሉ፤ ሁለተኛዋም አለች፣ ቀስ ብለው። … ታዲያ ሰዎች ‹ሀብቱስ?› ብለው ይጠይቁኛል። ኧረ ሀብትስ አለው! ገንዘቡ እንዴት ያለ ጨዋ መሰለዎት? እንደ ደጃዝማች ልጅ ነው፤ ያለ አጃቢ ከቤት አይወጣም። ፊቱን ያየ የለም። የእኛ ገንዘብ መቼ እንዲህ አደገ? ባለጌ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ጠላ ልጥመቅ፣ ዶሮ ልረድ ብሎ ዘሎ ይወጣል። የእሱ ግን እንግዳ ሲመጣ ያፍራል።

«ምግብ ቤትስ ገብተው ያውቃሉ አያ ገብረሰንበት? እኔ ገብቼ አላውቅም። እሱ ግን ዘመናዊ ነው! ከማኅበር የተነሣ ዕለት፣ አመሻሹ ላይ ካዩት፣ ከትልቁ ሆቴል ደጃፍ ቆሞ በስንጥር ጥርሱን ሲጎረጉር ነው። የሚያልፍ የሚያገድመው ‹አይ ነጋዴ! ዛሬም ጥብስ በልቶ ወጣ› ይላል። የእኛ ሽሮ በጥርሱ መሀል ተቀምጣ ሆቴል ደርሳ ተከበረች ማለት ነው! ሽሮዬ ከእኔ በፊት አገር አየች። እንዲህ ያለ ውለታ ማን ይውልልናል?»

የቸኮለ ጣቶች በጋቢው ውስጥ ወደ ደረት ኪሱ ሄዱ። ሦስት ስንጥሮች ነበሩ፤ ለዛሬ ማታ ያዘጋጃቸው። አንድ በአንድ ከሰሌኑ ሥር ሸጎጣቸው። ከጎኑ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አባ ወልደ ገብርኤል እንኳ መስቀላቸውን የሚመረምሩ መስለው አቀረቀሩ።

«መንገድ ሲወድ ደግሞ! ስንት ጊዜ ተጠርቷል! የሚገርመው መንገዱ የሚጠራው ቀን መርጦ ነው። ጽዋው ከመሬት ብድግ ሲል፣ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋል። ሾፌሩ ሰዓት የለውም አሉ፤ የእኛን ጽዋ እያየ ነው የሚነሣ። አንድ ዓመት ተራው ሲደርስ ጤፉ ኬላ ላይ ተያዘ፤ አዘንን። በዓመቱ ደብረ ማርቆስ ለስብሰባ ተጠራ፤ ኮራን። በሦስተኛው ዓመት ቡሬ ደግሶ ወገቡ ተቆረጠ፤ ያን ጊዜስ አለቀስን! እንዲያው አያ ገብረሰንበት፣ የዚያን ዓመት ቡሬ ላይ እንዴት ያለ ድግስ ነበር? ስንት ጋን ጠላ ወጣ? … ይቅር፣ ይቅር፣ አይንገሩኝ፤ ከጎረሱ በኋላ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ከልብ ከተራቡም ማኅበር አይገድም።»

አያ ገብረሰንበት የሚያኝኩት እየቀነሰ፣ የሚያዩት እየጨመረ ሄደ። ቸኮለ ይህችን ዓይን ያውቃታል። ባለፈው ዓመት ቡሬ ላይ፣ እኒህ ሽማግሌ ራሳቸው፣ «አይ ልጄ፣ የፍኖተ ሰላሙ ድግስ ጎድቶሃል» ብለው ታፋ ሥጋ መርጠው አጉርሰውታል። አሁን ያን ታፋ መልስ የሚሉት መሰለው።

በዚሁ መሀል ከአደባባዩ የአውቶቡስ ጥሩምባ ጮኸ። የዘጠኝ ሰዓቱ ነው፤ ወደ ቡሬ የሚሄደው። የቸኮለ ጉልበት ከራሱ በፊት ተነሣ።

«ደግሞ ይታዘቡልኝ አያ ገብረሰንበት፣ ማኅበር ሳይመረቅ የወጣ ሰው እግሩ ደጃፉ ላይ ሥር ይሰዳል ይሉ ነበር አያቶቻችን። ለእርስዎ ነው የምነግርዎ እንጂ… የሚሄድ ሰው አይቼ አይደለም።»

ጉልበቱ ተመልሶ ታጠፈ።

እማማ አልጣሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቤቱም አብሮ ዝቅ አለ።

«ይችን ላጫውትዎትና ልተው። ማንኩሳ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አንዲት እናት አለች። አውቶቡስ ጥሩምባ በነፋ ቁጥር እጇ ላይ ያለውን ጥላ ደጇን ትከፍታለች። ልጇ ነጋዴ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ በፊቷ ያልፋል። ሲያልፍ ጋቢውን ይከናነባል አሉ… ብርድ ይሆናላ፣ ኅዳር አይደል? ስምንት ዓመት ሙሉ ኅዳር! ባለፈው ለገበያ ስሄድ ገብቼ ውኃ ለመንኋት፤ ጠላ አመጣችልኝ። ‹ልጅሽስ እንዴት ነው?› አልኋት። ‹በሁለት ከተማ የተከበረ ሰው ነው እኮ፤ ሥራ በዝቶበት ነው› አለችኝ፤ ፊቷ እንዴት በራ! እኔም ‹አዎን› ብዬ ልጇን አከበርሁላት። ምን እላታለሁ?

«ደጇ ሰፊ ነው አያ ገብረሰንበት። ከዚህ ለሚመጣም መንገድ ላይ ነው፣ ከቡሬ ለሚመጣም። ሁለት ማኅበር ያስገባል… ለክቼው አይደለም፣ እንዲያው ዓይኔን ጣል ሳደርግ ነው። መጪው ሚካኤል ደግሞ በታኅሣሥ ጾም ይውላል። ንፍሮና ጠላ ነው፤ ማን ይፈራዋል? ሸጋዬ ትናንት ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ሀብቱን አልጠይቅም፤ አገሩም የትም ይሁን። ብቻ አንድ ቀን በገዛ ደጁ ቆሞ «ኑ ግቡ» ሲል ልስማው› አለችኝ። ልጅ ናት… ያልሆነ ነገር ያምራታል።»

ሸጋዬ ከጓዳ ወጣች። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ይዛዋለች። ማንንም ሳታይ፣ «ተረኛው ማን ነው?» አለች።

ጥሩምባው ለሁለተኛ ጊዜ ጮኸ። አውቶቡሱ ገና አልሄደም፤ በሩም ክፍት ነው። ቸኮለ በሩን አየ። አያ ገብረሰንበትን አየ። ከዚያ ዓይኑ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ፣ የእናቱ ሻሽ ታየው፤ አውቶቡሱ ሲያልፍ በጋቢው ቀዳዳ የሚያየው ያ ነጭ ሻሽ።

ተነሣ። ከምሰሶው እስከ ሸጋዬ ሦስት እርምጃ ነው፤ ለእሱ ግን በርበሬ ተሸክሞ ከቡሬ በእግሩ የመጣ ያህል ረዘመበት። ሁለት እጁን ከጋቢው አወጣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ማንኩሳ… እናቴ ቤት። የቡሬዎቹም ይምጡ። ኑ ግቡ።»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ጣራው አንድ ክንድ ተነሥቶ ተመለሰ ይላሉ። አያ ገብረሰንበት የመጨረሻዋን ጉርሻ ዋጡና ጢማቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ቸኮለ ጽዋውን በደረቱ አቅፎ፣ ፊቱ ወዝቶ፣ ከሸጋዬ ጎን ቆመ። እንግዲህ የቀረው መልሱ ነው። ወደ እማማ አልጣሽ ተስፋ ባለው ዓይን ተመለከተ።

እማማ አልጣሽ አሁንም ወደ እሱ አልዞሩም። ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ ድምፃቸው ማር ሆነ።

«እንግዲህ አያ ገብረሰንበት፣ ያን የነገርሁዎትን ሰው ምናልባት ካገኙት፣ አልጣሽ እንዲህ ብላ መርቃሃለች ይበሉልኝ። ሚካኤል በክንፉ ይጋርደው። መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። ዕድሜ ይስጠው፤ የማቱሳላን፣ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዘጠኙን፣ አንዲት ሳትጎድል! ጤናም ይስጠው፤ በሁለት ከተማ የበላውን ሁሉ በእናቱ ደጅ አብልቶ ሳይጨርስ አይጥራው! … አብልቶ በጨረሰ ማግስት ደግሞ፣ ይችን የእኛን ልጅ የመሰለች ሸጋ ሚስት ይስጠው። አሜን በሉ!»