የሙሽራዋ በቅሎ ግላስ

— ሄሎ? … አቤት፣ አያ ክንዱ። … አዎ፣ የትነበርሽ ነኝ፣ ሌላ ማን ያነሳዋል። … ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። እናንተስ? ድንኳኑ ቆመ? … ሸጋ። … የላክሁት ልጅ፣ ምስጋናው፣ ደረሰ? … የጠለፍኩትን የበቅሎ ግላስ ሰጠህ?

— አልፈታኸውም? … ተወው፣ ገና አትፍታው። መጀመሪያ የምልህን ስማኝ። … ቆይ አንድ ጊዜ — ዝማሬ፣ ልጄ፣ ያችን ግልገል ያዣት፣ ክሬን እየበላችው ነው። ቀዩን ከአፏ አውጪው፣ ሆዷን ይቆርጣታል — ሄሎ፣ አያ፣ ትሰማኛለህ?

— አዎ፣ ያችው ግልገል። እናቷን መኪና የገጨባት። … ይሁን፣ እብድ በለኝ። ውሻው በሦስት እግሩ ነው፣ አህያዋ አንካሳ ናት፣ እኔ ደግሞ እብድ ነኝ። ቁስቋም ሰፈር ሁሉ ያውቀናል። አሁን ስለ በቅሎዋ እናውራ።

— የቷ በቅሎ? ነገ ልጅህን የምታስቀምጥባት ናታ። የአያ አወቀ በቅሎ። … ቅዳሜ ለግላሱ የመጨረሻ ልኳን ልወስድ እናንተ ጋ ትክል ድንጋይ የመጣሁ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ጆንያ ጥለውባት ነበር። ገለጥኩት። … ማንም አላዘዘኝም፣ እኔው ነኝ የገለጥኩት። ወገቧ ላይ በስተቀኝ፣ የኮርቻው ጫፍ ከሚያርፍበት ጀምሮ፣ መዳፌን የሚያክል ቁስል አለ።

— ጭረት? … አያ፣ እኔ ሐኪም ቤት የሰው ቁስል ሳጥብ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ጭረትና ቁስል አንተ አታስተምረኝም። እጄን ገና ሳስጠጋ ቆዳዋ ይርገበገባል።

— አያ አወቀማ እሺ ብለውኝ ነበር። መድኃኒት ሰጠኋቸው፣ ሦስት ሳምንት አትጫንም ተባባልን። ሙሽሪት ስንዱ በመኪና ትሄዳለች አልኳቸው። … ከዚያ አንተ ደወልክላቸው። … ወደው ነው? ምነው አያ። እንዳንተ ያለ የወረዳ ሹም ጠርቶት እንቢ የሚል ገበሬ አይተህ ታውቃለህ? … አላስፈራራኋቸውም? አውቃለሁ። ማስፈራራት አያስፈልግህም እኮ፣ የባሰውም እሱ ነው።

— ቪዲዮ። … አዎ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ከጎንደር ይመጣል፣ ሙሽራ በበቅሎ ብላችሁ ትለቁታላችሁ፣ ሰው ሁሉ በየስልኩ ያየዋል። … ባህል መሆኑን ማን ካደ? እናታችንስ በበቅሎ አይደል የተዳረችው። አያታችን ግን ያችን በቅሎ ለሠርጉ ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ጭነት አላስነካትም። ስትነግረን አብረን ነው የሰማነው። እኔ ባህል የምለው እሱን ነው።

— ምን አልክ? … ድገመው እስቲ። … ግላሱ ይሸፍነዋል።

— ይኸው፣ ይችን ቃል ነበር የፈራሁ። አራት ወር ሙሉ፣ አያ። ከሥራ ገብቼ፣ ልጅ አብልቼ፣ ግልገሏን በጡጦ አጥብቼ፣ መነጽሬን ሰክቼ ስጠልፍ የከረምኩት ለዚህ ነው? … ሥራ ፈትታ ነው የምትጠልፈው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ቀኑን የሰው ቁስል ስነካ ስለምውል ነው፣ እጄ ሌላ ነገርም እንዲያውቅ። … አዎ፣ እዚያም እሸፍናለሁ። አጥቤ ነው ግን የምሸፍነው።

— ለበቅሎ ብዬ የወንድሜን ልጅ? … እንዲህ አትበለኝ። ስንዱ ስትወለድ የተቀበልኳት እኔ ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ። ከፋኝ፣ አያ፣ እውነቴን ነው፣ በጣም ነው የከፋኝ። … ለሁለቱም እበቃለሁ። አንዱን ምረጪ ብሎ የፈረደብኝ ማን ነው?

— በል አሁን ፍታው። … አዎ፣ አሁን። … ወርቃማው ክር ነው። … ጠርዙ? እሱ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። … እግዜር ይስጥልኝ። ዘርጋው፣ ሙሉውን። በስተቀኝ፣ ወደ ኋላ። … አየኸው?

— አይጥ አይደለም። እኔ ነኝ። … በመቀስ። … አውቄ ነው። አትጩህ፣ እሰማሃለሁ። … እንዳይተረተር የቀዳዳውን ዙሪያ በቀይ ክር ዘምዝሜዋለሁ። የቁስሉን ልክ ቅዳሜ ወስጄ ነበር፣ የግላሱን በለካሁበት ሜትር። … አዎ፣ ስቆርጠው አልቅሻለሁ። ግን ቆረጥኩት።

— ትጥፈዋለህ? ማን ይጥፍልሃል? … በጋቢ። እሺ፣ ጋቢ ጣልበት። ነገ ሙሽሪት ከመቀመጧ በፊት እኔ መጥቼ እገልጠዋለሁ፣ ቪዲዮ ቀራጩም ያንሳው። … ከኋላህ የሚናገረው ማን ነው? … አያ አወቀ ናቸው? ምን እያደረጉ ነው? … ግላሱን በቅሎዋን አለበሷት? … እና?

— አያ? … ቀዳዳው የት አረፈ?

— አዎ፣ ቁስሉ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሌላ የት ይሆናል። … ስልኩን ስጣቸው እስቲ። … ስጣቸው አልኩህ፣ አያ፣ አልበላቸውም።

— አያ አወቀ፣ እንደምን ዋሉ? … ደህና ነኝ። … አይ፣ እርስዎን አልወቅስም። … ምን አሉኝ? መስመሩ ይቆራረጣል፣ ይድገሙልኝ። … አልጭናትም አሉት? እዚያው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ? … ይሂዱ፣ ይዘዋት ይግቡ። መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ፣ ዝንብ እንዳያርፍባት። … የሚመጣ ነገር ካለ በእኔ ያሳብቡት፣ የትነበርሽ ናት ይበሉ።

— ሄሎ፣ አያ። … ሰማሁ፣ ይዘዋት ሄዱ። … አዋረድሽኝ? ይሁን፣ አዋርጄሃለሁ። ስንዱ በመኪና ሄደች ብሎ ማንም አይስቅብህም፣ ቢስቅም ሳቅ አያቆስልህም። … ነገ እንዳትመጪ? እመጣለሁ። … ከበር ብትመልሰኝ በጓሮ እገባለሁ። አክስቷ ነኝ፣ ከጎኗ ነው የምቆመው። … ስማ፣ ወንድሜ ነህ፣ እወድሃለሁ፣ ከተናገርኩት አንዲት ቃል ግን አላጥፍልህም። … ሄሎ? … አያ?

— ዘጋብኝ። … ዝማሬ፣ ግልገሏን እሰሪና ቀሚሴን ተኩሽልኝ። ትልቁን ቦርሳም አምጪው፣ ፋሻ እጨምርበታለሁ። ነገ መጀመሪያ አያ አወቀ ቤት ነው የምንወርደው፣ ከዚያ ሠርጉ።