ርብ በሌላ በኩል የመጣ ጊዜ

አያ ባየህ ወረታ መናኸሪያ ውስጥ ባዶ ጄሪካናቸው ላይ ተቀምጠው በወንዛዬ በኩል የሚያልፈውን የአንበሳሜ መኪና ሲጠብቁ፣ የጎረቤታቸው ልጅ አዛናው ድንገት አገኛቸው። ከጤና ኮሌጅ ለዕረፍት መምጣቱ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው።

«ወንዛዬ፣ ፍል ውሃ ልታጠብ» አሉት። ከዚያ ለልጆቻቸው እንኳ ያልተነፈሱትን በጆሮው ነገሩት። ባለፈው ወር ከወንዛዬ ከተመለሱ ወዲህ ሽንታቸው ደም ይቀላቅላል፤ ሕመም የለውም። ውሃው የድሮውን የፕሮስቴት ካንሰር ርዝራዥ እየጠራረገው ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል።

አዛናው ግን ደነገጠ። ፍል ውሃውን ትተው ባሕር ዳር ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ለመናቸው።

አያ ባየህ ተቆጡ። ያን በሽታ በጨረር ታክመው ጥለውታል፤ ደማቸው በተመረመረ ቁጥርም አልተመለሰም ተብለዋል። ምን ብለው ነው እንደገና የነርስ መጫወቻ የሚሆኑት?

«ያ ምርመራ የሚጠብቀው የፕሮስቴቱን ብቻ ነው» አለ አዛናው። «የፕሮስቴት ካንሰር የነበረበት ሰው ሌላ አዲስ ካንሰር፣ በሽንት ፊኛው ወይም በአንጀቱ፣ ሊይዘው ይችላል። በጨረር የታከመ እንደሆነ ደግሞ ስጋቱ ከፍ ይላል።»

«እንግዲያ ጨረሩ ገደለኝ በለኛ።»

«አምስት ዓመት አኑሮዎታል እንጂ። ደሙም ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ ጨረሩ የተወው ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ይሆናል። ሳይታይ ግን እኔም አላውቅ፣ ወንዛዬም አያውቅ።»

«አንተ ልጅ፣ በፎገራ ሜዳ ሌላ ወንድ ጠፍቶ ነው እኔን ሁለት ጊዜ የሚመርጠኝ?»

አዛናው ስለ ባለፈው ክረምት አነሳ። የርብ ወንዝ ሞልቶ የአፈር ግድቡን በሰበረ ጊዜ ሰው አስተባብረው ያስደፈኑት አያ ባየህ ነበሩ። ጎበዞቹ ሩዛችን ተረፈ ብለው ሲበተኑ ግን እርሳቸው አካፋቸውን ይዘው ቀሩ።

«ለምን ቀሩ?»

«ርብ መቼ በደፈንህበት ይመጣል? ግድቡን ከዳር እስከ ዳር ማየት ነው።»

«ምን አገኙ?»

«የፍልፈል ጉድጓድ። ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። በሁለት አካፋ አፈር ደፈንሁት።»

«ቢያድር ኖሮስ?»

ይኼኔ የአንበሳሜው መኪና መጥቶ ረዳቱ ይጣራ ጀመር። ሽማግሌው ተነሡ፣ ጄሪካኑን ለአዛናው አቀበሉት።

«ይህን ቤት አድርስልኝ። ወንዛዬ የትም አይሄድም።» ፊታቸውን ወደ ባሕር ዳሩ መኪና አዞሩ። «በሽታውም ከመጣ ይምጣ። ተቀምጬ ግን አያገኘኝም።»

ባሕር ዳር ሲመረመሩ በፊኛቸው ውስጥ የተገኘው ዕጢ አዲስ ካንሰር ነበር፤ ነገር ግን ገና ትንሽ ስለነበረ ሆዳቸው ሳይከፈት በመሣሪያ ተጠርጎ ወጣ። ሐኪሙ ክትትሉን እንዳያቋርጡ አጥብቆ አዘዛቸው። ቢዘገዩ ኖሮ ፊኛቸው ራሱ ሊወጣ ይችል ነበር፤ ስለ ቀደሙ ግን ለሩዝ አረም ከእርሻቸው ደረሱ።

በሚካኤል ማኅበር ቀን ይህን ሁሉ ምንም ሳይደብቁ ተናገሩ። ወንዶቹ አቀረቀሩ። እንደርሳቸው ከፕሮስቴት ካንሰር ታክሞ የዳነው ማኅበርተኛቸው ቢተው፣ «ኧረ አያ ባየህ፣ ስለ ሽንት በማኅበር ይወራል?» ሲል ገሠጻቸው።

«ግድቡ ሲያንጠባጥብስ ዝም ልበል?» አሉት።

ሰው ሲበተን ቢተው ወደ ኋላ ቀረት አለ። ግራ ቀኙን አይቶ፣ የባሕር ዳሩ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቃቸው።